የኤሌክትሪክ ሞተር ልትገዙ ነው? ከባትሪው በፊት ሶኬቱን ፈልጉ

የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ሊገዛ የሄደ ሰው ከሻጩ መጀመሪያ የሚሰማው ኪሎሜትር ነው። አንዱ ሱቅ «አንዴ ቻርጅ ካደረግከው 80 ይሄዳል» ይላል፤ ጎረቤቱ ደግሞ «የእኛ 100 ይሄዳል» ይላል። ቁጥሩ ከባዶ የመጣ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ግን የተለካው በሜዳ መንገድ፣ ቀለል ያለ ሰው ብቻውን ተቀምጦ፣ በሰዓት ከ25 እስከ 30 ኪሎሜትር ዝግ ብሎ ሲነዳ ነው። ዕቃ ጭኖ ከአራት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ለሚወጣ ሰው ያ ቁጥር ምንም አይነግረውም።

የእኔ ምክር ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። መጀመሪያ ሞተሩ ማታ የት እንደሚያድር፣ እዚያ ሶኬት መኖሩንና ቆጣሪው የማን እንደሆነ አረጋግጡ። ቀጥሎ ከአንዱ ቻርጅ እስከ ቀጣዩ ስንት ኪሎሜትር እንደምትነዱ ቁጠሩ። የባትሪው ዓይነት የሚመጣው ሦስተኛ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች በደንብ ከተመለሱ፣ ከሦስቱ የባትሪ ዓይነቶች ሁለቱ ብዙ ጊዜ በራሳቸው ይወድቃሉ።

ኪሎሜትሩን ራሳችሁ አስሉት

ባትሪው ላይ ሁለት ቁጥሮች ተጽፈዋል፤ ቮልትና አምፔር ሰዓት። አባዟቸው። 72 ቮልት በ20 አምፔር ሰዓት 1,440 ዋት ሰዓት ይሆናል። በ32 ሲሆን 2,304፣ በ50 ሲሆን ደግሞ 3,600። ትንሽ የከተማ ሞተር በኪሎሜትር በግምት ከ25 እስከ 40 ዋት ሰዓት ይበላል። ለአዲስ አበባ ዳገት 35 ብላችሁ ያዙ። ባትሪን እስከ ታች ማራገፍ ስለማይመከር ደግሞ ከጠቅላላው 80 በመቶውን ብቻ ቁጠሩ። በዚህ ሂሳብ ባለ 20ው ወደ 33 ኪሎሜትር፣ ባለ 32ቱ ወደ 53፣ ባለ 50ው ወደ 82 ኪሎሜትር ያስኬዳል።

ዳገቱን ለብቻው ማየት ያስፈልጋል። ሞተሩ፣ ነጂውና ዕቃው ተደምረው 200 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል። ከመሃል ከተማ ወደ እንጦጦ ያለው ከፍታ ከ500 ሜትር በላይ ነው። ያንን ክብደት 500 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ ወደ 270 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ በሞተሩና በሽቦው የሚባክነው ሲጨመር 340 ገደማ ይደርሳል። ይህ ከ1,440 ዋት ሰዓት ባትሪ ሩብ ያህሉ ነው፤ የመንገዱ ርቀት የሚበላው ገና ሳይቆጠር። ቁልቁል ስትወርዱ ኃይል ወደ ባትሪው የሚመልሱ ሞተሮች አሉ፤ የሚመለሰው ግን ከወጣው ትንሹ ክፍል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ገዢ ልብ የማይለው ነገር አለ። ሽሮ ሜዳ ወይም ጉለሌ ዳገት ላይ የሚኖር ሰው ጠዋት ሙሉ ባትሪ ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። ሙሉ ባትሪ ተጨማሪ ስለማይቀበል በቁልቁለቱ የሚመለስ ነገር ካለም በከንቱ ይቀራል። ማታ ደግሞ በተዳከመ ባትሪ ሽቅብ ይወጣል። ጉልበት የሚፈለገው ባትሪው በሚደክምበት ሰዓት ላይ ይሆናል ማለት ነው። አቃቂ የሚኖረው ግን ዳገቱን ጠዋት በሙሉ ባትሪ ጨርሶ ማታ ዘና ብሎ ይመለሳል። ሁለቱ በቀን እኩል ኪሎሜትር ቢነዱ እንኳን ዳገት ላይ የሚኖረው አንድ ደረጃ ተለቅ ያለ ባትሪ መግዛት አለበት። (ለኤሌክትሪክ ሞተር ከፍታው ራሱ ችግር አይደለም። የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ሲያጣ፣ የኤሌክትሪኩ አየር ስለማይፈልግ ምንም አያጣም።)

ሦስቱ ባትሪዎች

ሊድ አሲድ በዋጋ ሁሉንም ያሸንፋል። 72 ቮልት የሚባለው ስድስት ባለ 12 ቮልት ባትሪ በተርታ ተያይዞ ነው፤ ባለ 20 አምፔር ሰዓቱ እያንዳንዱ 7 ኪሎ ገደማ፣ በድምሩ ከ40 ኪሎ ያላነሰ ነው። በጥልቀት እየተራገፈ ከተሠራበት ከ300 እስከ 400 ጊዜ ቻርጅ ተደርጎ ይደክማል። 33 ኪሎሜትር በሚያስኬደው መጠን ስታሰሉት ከ10,000 እስከ 13,000 ኪሎሜትር ይሆናል። በቀን 20 ኪሎሜትር ለሚነዳ የቢሮ ሠራተኛ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ነው፤ ክፉ አይደለም። በቀን 80 ኪሎሜትር ለሚሮጥ የዴሊቨሪ ሠራተኛ ግን ግማሽ ዓመት ነው። ያውም ቀን ላይ ሁለት ጊዜ ቆሞ ቻርጅ እያደረገ፤ ያ ደግሞ በሊድ አሲድ የማይሆን ነገር ነው፤ ቀርፋፋ ነውና።

ሊድ አሲድን የሚገድለው ባዶውን ማደሩ ነው። ተራግፎ ለቀናት ከቆመ ውስጡ ያለው እርሳስ ላይ ጠጣር የሰልፌት ንብርብር ይሠራል፤ ያ ንብርብር በቻርጅ አይለቅም። ስለዚህ 5 ኪሎሜትር ብቻ ነድታችሁ ብትገቡም ማታውኑ ሰኩት። ከስድስቱ አንዱ ሲደክም ጋራዥ ወስዳችሁ አንዱን ብቻ ማስቀየር ያጓጓል። አይበጅም፤ አዲሱ ከአምስቱ አሮጌዎች ጋር እኩል አይሞላም፣ እኩልም አያራግፍም፣ እሱም ቶሎ ይከተላቸዋል።

ገበያ ላይ «ግራፊን» ተብሎ የሚሸጥ ባትሪ አለ። ስሙ አዲስ ቴክኖሎጂ ያስመስለዋል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ማሻሻያ የተጨመረበት ሊድ አሲድ ነው። ከተራው ሊሻል ይችላል፤ ሊቲየም ግን አይደለም። ከተጠራጠራችሁ አንሱት፤ እንደ ድንጋይ ከከበደና በባለ 12 ቮልት ሳጥኖች ከተሠራ ሊድ አሲድ ነው።

ሊቲየም አይረን ፎስፌት፣ በአጭሩ ኤልኤፍፒ የሚባለው፣ ለሥራ የሚሆን ባትሪ ነው። ከ2,000 ጊዜ በላይ ቻርጅ ይችላል። ባለ 32 አምፔር ሰዓቱን ብትወስዱ በዕድሜው ወደ 100,000 ኪሎሜትር ያስኬዳል፤ በቀን 80 ኪሎሜትር ለሚነዳ ሰው አራት ዓመት ገደማ ነው። ዋጋው ከሊድ አሲዱ እጥፍ ቢሆን እንኳን በኪሎሜትር ሲከፋፈል ርካሹ እሱ ነው። በእሳትም በኩል ከአብዛኞቹ ሊቲየሞች ይረጋጋል።

ሁለት ጠባዮቹን ግን እወቁለት። አንደኛው፣ ቮልቴጁ ሞልቶም ተጋምሶም ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ስለሆነ በቮልቴጅ የሚሠራ የባትሪ ማሳያ ያሳስታል። ለረጅም መንገድ ግማሽ ላይ ቆይቶ በድንገት ቁልቁል ይወርዳል። የምታምኑት ማሳያውን ሳይሆን የነዳችሁትን ኪሎሜትር ይሁን፤ ቢያንስ በሳምንት አንዴም እስከ 100 ድረስ ሙሉት፣ ቢኤምኤሱ (ባትሪውን የሚቆጣጠረውና የሚጠብቀው ሰርኪት) ሴሎቹን፣ ማለትም ባትሪው የተሠራባቸውን ትንንሽ ክፍሎች፣ የሚያስተካክለው ያኔ ነውና። ሁለተኛው፣ ሴሉ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ማድረግ ይጎዳዋል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ጭንቀት አይደለም። ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ ደጅ ያደረን ሞተር ንጋት ላይ መሰካት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ማታ እንደገባችሁ፣ ባትሪው ከመንገድ እንደሞቀ ሰኩት።

ኤንኤምሲ የሚባለው ሊቲየም የሚመረጠው በቅለቱ ነው። ባለ 72 ቮልት 20 አምፔር ሰዓቱ ከ10 ኪሎ በታች ሊሆን ይችላል፤ ተመሳሳዩ ኤልኤፍፒ 13 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ዕድሜው በአማካይ ከ500 እስከ 1,000 ቻርጅ ነው። ሁልጊዜ እስከ አፉ መሙላትና ሙሉውን ፀሐይ ላይ ማቆም ያሳጥረዋል፤ ስለዚህ ድሬዳዋ፣ ጋምቤላ ወይም አፋር ውስጥ ላለ ሰው አልመርጥለትም። ሲቃጠል ደግሞ ክፉ ነው። ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ በሊቲየም ባትሪ እሳት 18 ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎቹ እሳቶች የተነሡት ከኤሌክትሪክ ብስክሌትና ስኩተር ባትሪዎች ነው። ይህን ባትሪ ከመረጣችሁ በፍጹም መውጫ በር አጠገብ ወይም ደረጃ ሥር ቻርጅ አታድርጉ፤ እሳት ቢነሣ ማምለጫችሁን የሚዘጋው እሱ ነው።

ቻርጀሩን ገልብጣችሁ አንብቡት

ቻርጀር ተበላሽቶ ሌላ የሚገዛ ሰው ሱቅ ሄዶ «የ72 ቮልት ስጠኝ» ይላል። ባለሱቁም ይሰጠዋል። ችግሩ 72 ቮልት የሚለው ስያሜ ውስጥ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ባትሪዎች መኖራቸው ነው። ስድስት ሊድ አሲድ ሲሞላ ወደ 88 ቮልት ይደርሳል። ባለ 20 ሴል ኤንኤምሲ የሚሞላው 84 ላይ ነው። ባለ 24 ሴል ኤልኤፍፒ ደግሞ 87.6 ላይ።

የሊድ አሲዱን ቻርጀር ኤንኤምሲ ላይ ብትሰኩት እያንዳንዱን ሴል ከ4.2 ቮልት ገደቡ አሳልፎ ወደ 4.4 ይገፋዋል። የሚያድነው ቢኤምኤሱ ብቻ ነው፤ እሱ ከተበላሸ ወይም ርካሽ ከሆነ እሳቱ ይመጣል። በተቃራኒው ባለ 84ቱን ሊድ አሲድ ላይ ብትሰኩት አረንጓዴ መብራት ይበራል፣ ባትሪው ግን ፈጽሞ አይሞላም፤ በወራት ውስጥ ከላይ በተናገርነው ንብርብር ይሞታል፤ ባለቤቱም ባትሪውን ይረግማል።

ስለዚህ ቻርጀሩን ገልብጡና ከጀርባው የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። ሁለት መስመር አለው፤ የመግቢያው 220 ቮልት ይላል፣ የሚያስፈልጋችሁ የመውጫው ነው። እዚያ 84፣ 87.6 ወይም 88 ገደማ የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ፤ አጠገቡ ያለው አምፔር ፍጥነቱን ይነግራችኋል። አዲስ ሞተር እንደገዛችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፤ ወረቀቱ በአቧራና በላብ ቶሎ ይጠፋል።

ፈጣን ቻርጀር መግዛት ለሚያስብ ሰው ቀላል ሂሳብ አለ፤ የቻርጀሩን አምፔር ለባትሪው አምፔር ሰዓት አካፍሉ። ለሊድ አሲድ ውጤቱ ከ0.2 ባይበልጥ ይመረጣል፤ ባለ 20 አምፔር ሰዓት ከሆነ 4 አምፔር ማለት ነው። ኤልኤፍፒ 0.5 ድረስ በአብዛኛው ያለ ችግር ይቀበላል፤ ያው ባለ 20ው 10 አምፔር ይችላል። ሊድ አሲድ ላይ ባለ 10 አምፔር ቻርጀር መሰካት ባትሪውን መቀቀል ነው።

ቤት፣ ሥራ ቦታ ወይስ መለዋወጫ ጣቢያ?

የራሱ ግቢና የራሱ ቆጣሪ ላለው ሰው ጥያቄው ያለቀ ነው፤ ማታ ቤቱ ይሰካ። ባለ 5 አምፔር ቻርጀር ከሶኬቱ የሚስበው 500 ዋት ገደማ ነው፤ ከኤሌክትሪክ ምጣድ በጣም ያነሰ። 2,304 ዋት ሰዓት ባትሪ ስድስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። በቀን 40 ኪሎሜትር፣ በወር 26 ቀን ብትነዱ በቻርጀሩ የሚባክነው ተጨምሮ ወደ 43 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የሚጨምር ስለሆነ ይህ ጭማሪ ወደሚቀጥለው እርከን ሊገፋችሁ እንደሚችል አስቡበት፤ እንዲያም ሆኖ ለዚያው መንገድ ከሚሄደው ቤንዚን ጋር አይወዳደርም።

ተከራይ ከሆናችሁና ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ጭቅጭቁ ከመምጣቱ በፊት ቀድማችሁ ጨርሱት። አከራይ «ሞተርህ መብራቱን ጨረሰው» ማለቱ አይቀርም፤ 43 ኪሎዋት ሰዓት ምን ያህል እንደሆነ ደግሞ እሱም አያውቅም። ሶኬት ላይ የምትሰካ ትንሽ የኃይል መለኪያ ግዙና አንድ ሳምንት አብራችሁ አንብቡት። በቁጥር የተስማማ አከራይ ከመሬት ተነሥቶ ዋጋ አይጨምርም።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚከተለው የቮልቴጅ መዋዠቅ ቻርጀር ያቃጥላል። መብራት ከጠፋ ንቀሉት፤ ተመልሶ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ሰፈራችሁ ላይ ሌሊት መብራት የሚቆራረጥ ከሆነ ይህ ራሱ ለኤልኤፍፒ ድምፅ ይሰጣል። በሦስት ሰዓት ውስጥ የሚሞላና ግማሽ ላይ ቢያድር የማይጎዳ ባትሪ፣ ስምንት ሰዓት ከሚፈልግና ሳይሞላ ማደር ከማይወድ ሊድ አሲድ ይሻላል። ሶኬቱን ደግሞ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በእጃችሁ ዳስሱት። ከጋለ ሶኬቱ ልል ነው፤ አስቀይሩት። የተጠቀለለ የኤክስቴንሽን ገመድ ላይ ለሰዓታት አትጫኑት።

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ነገሩ ይለወጣል። ሊፍት የለም፤ ምድር ላይ ሶኬት የለም። 40 ኪሎ ሊድ አሲድ ማታ ማታ ተሸክሞ የሚወጣ ሰው የለም፤ ስለዚህ ሊድ አሲድ እዚህ ላይ ከምርጫ ወጣ። የሚቀረው ተነቅሎ የሚወጣ ሊቲየም ነው። ባለ 50 አምፔር ሰዓት ትልቅ ኤልኤፍፒ ከ30 ኪሎ ስለማያንስ፣ ረጅም መንገድ ከፈለጋችሁ ሁለት ትንንሽ ባትሪ የሚይዝ ሞተር ፈልጉ፤ አንዱን ዛሬ አንዱን ነገ ይዛችሁ ውጡ። ወይም ሥራ ቦታችሁን ጠይቁ። ከጥዋት እስከ ማታ የሚቆም ሞተር በባለ 5 አምፔር ቻርጀር ቢሮ በር ላይ ይሞላል፤ አሠሪም 500 ዋት ለመፍቀድ እንደ መኪና ቻርጅ አይከብደውም።

አዲስ አበባ ውስጥ የሚታዩት የመኪና ፈጣን ቻርጀሮች ለእናንተ አይደሉም። መሰኪያቸው፣ በብዛት ጂቢ/ቲ ወይም ሲሲኤስ 2፣ ከትንሽ ሞተር ጋር አይገጥምም፤ ቮልቴጁም የማይገናኝ ነው። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ላላችሁ፣ እንደ ኢነርጂካና ላይቭዋየር ዋን ያሉ ትልልቅ ሞተሮች በሲሲኤስ ይሞላሉ፤ ዋጋቸው ግን የሌላ ዓለም ነው።

ባትሪ መለዋወጥ የተለየ አሠራር ነው። ታይዋን ውስጥ ጎጎሮ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ጀምሮታል፤ ኪጋሊ ላይ አምፐርሳንድ፣ በበርካታ የአፍሪካ አገሮች ደግሞ ስፒሮ ለሞተር ታክሲዎች እየሠሩበት ነው፤ አዲስ አበባ ላይም ዶዳይ ገብቶበታል። ሞተሩን ትገዛላችሁ፣ ባትሪው የድርጅቱ ነው፤ ባዶውን ሰጥታችሁ ሙሉውን በደቂቃዎች ውስጥ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። የባትሪው ማርጀት የእናንተ ራስ ምታት አይሆንም፤ የመግዣውም ዋጋ ይቀንሳል። በቀን 100 ኪሎሜትር የሚሮጥና በየሰዓቱ ገቢ የሚያገኝ ሰው ቻርጅ ላይ ሦስት ሰዓት ከሚቆም ይህን ቢመርጥ ትርፍ አለው። በቀን 20 ኪሎሜትር ለሚነዳ ግን ቤቱ በርካሽ የሚሞላውን ነገር ከሌላ ሰው መግዛት ነው።

ከመፈረማችሁ በፊት ግን ጠይቁ። ጣቢያዎቹ የምትሠሩበት መስመር ላይ ናቸው? ወደ ጣቢያ ለመድረስ የሚባክነው 6 ኪሎሜትር ከኪሳችሁ ነው። ክፍያው በተጠቀማችሁት ኃይል ነው ወይስ በቅያሪ ቁጥር? በቅያሪ ከሆነ 40 በመቶ የቀረውን ባትሪ ስትመልሱ ያንን በነፃ ሰጣችሁ ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ጣቢያው ምን ያደርጋል? ባትሪው ከሞተሩ ላይ ቢሰረቅ ማን ይከፍላል? ከሁሉም በላይ፣ ድርጅቱ ቢዘጋ ሞተሩ ሌላ ባትሪ ይቀበላል? የጃፓን አራቱ ሞተር አምራቾች፣ ሆንዳ፣ ያማሃ፣ ሱዙኪና ካዋሳኪ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ለሚለዋወጥ ባትሪ የጋራ ደረጃ (ስታንዳርድ) ለመጠቀም ተስማምተዋል፤ እንዲህ ያለ ስምምነት በሌለበት የአንዱ ባትሪ የሌላው ሞተር ውስጥ አይገባም።

ከመብራት መስመር ውጭ ገጠር ላለ ሰው ፀሐይ ትሠራለች። 400 ዋት ፓነል በጥሩ ቀን በግምት 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ይህ የአንድ ትንሽ ሞተር የቀን ቀለብ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ግማሹንም ላትጠብቁ ትችላላችሁ። ሞተሩ ቀን ላይ ከፓነሉ አጠገብ የማይቆም ከሆነ ደግሞ ሁለተኛ ባትሪ ያስፈልጋል፤ ያኔ ወጪው ይበዛል።

ዋስትናና ያገለገለ ሞተር

«የሁለት ዓመት ዋስትና» ሲባል የምን ብላችሁ ጠይቁ። የሞተሩና የባትሪው ብዙ ጊዜ ይለያያል። ለባትሪው ከሆነ አቅሙ ስንት በመቶ ላይ ሲወርድ እንደሚቀይሩ በጽሑፍ ይሁን፤ 70 በመቶ ይሉ ይሆናል። ቁጥር የሌለው ዋስትና ሲደርስ «ገና ይሠራል» ተብሎ ያልቃል።

ያገለገለ ስትገዙ ሻጩ ሙሉ አድርጎ እንዲጠብቃችሁ አድርጉ፤ ሰው ከኋላ ጭናችሁ ዳገት ላይ ንዱት። በሜዳ ደህና የነበረ ሞተር ዳገቱ ላይ ማሳያው በአንዴ ወደ ግማሽ ከወረደና ስትቆሙ ተመልሶ ከወጣ ባትሪው ደክሟል። ሊድ አሲድ ከሆነ ወዲያው እንደቆማችሁ መቀመጫውን ክፈቱና ስድስቱን በመልቲሜትር አንድ በአንድ ለኩ። በአንዱና በሌሎቹ መካከል ያለው ልዩነት ከግማሽ ቮልት ካለፈ፣ ባትሪው የለም ብላችሁ የሞተሩን ብቻ ዋጋ ተደራደሩ።